ወለሉን አታጥቡት
(በደሴ ለአሮጌ ቤት ባለቤቶችና ለጀማሪ አናጢዎች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። አብሽሩ፣ ብዙ አላቆያችሁም። ቡናው ገና አቦል ላይ ነው፤ በረካው ሲቀዳ ጨርስ ተብያለሁ። ስለዚህ የመጣሁበትን ነገር አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስከትል።

የጣውላ ወለላችሁን አታጥቡት።

ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ሲሳሳቁ ይታየኛል። "ቆሽሾ ይቅር ነው የምትለን?" የሚል ሳቅ ነው። አይደለም። ይጠረግ፣ ይወልወል፣ ሰም ይቀባ፣ እንደ መስተዋት ያብረቅርቅ። አይታጠብ ነው ያልኩት። በዚህ ሙያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። "ይሄስ ይነሣ" ብዬ የፈረድኩበት ወለል አብዛኛው በእግር ብዛት ያለቀ አልነበረም። ባልዲ ነው የጨረሰው። መውሊድ ሲደርስ፣ ገና ሲደርስ፣ ሠርግ ሲኖር ውሃው ይደፋል። የዱቄት ሳሙና ይነሰነሳል፣ በረኪና ጠብ ይደረግበታል፣ ከዚያ በሽቦ ይፈገፈጋል። ቤቱ ለሁለት ቀን ያምራል። ውሃው ግን የት ሄደ? ይህን የሚጠይቅ የለም። በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ተኝቷል።

እኔም ብሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አክስቴ ቤት ሳሎኑ የጥድ ጣውላ ነው። ሰም ቀብታ፣ በጨርቅ ወልውላ፣ ፊትሽን እይበት የሚባል ወለል ነበራት። እኔ ደግሞ ሙያ የጨረስኩ መስሎኛል። "አክስቴ፣ ሰም መቀባት እኮ ድሮ ቀረ" አልኩና ቫርኒሽ ገዛሁ። በብርጭቆ ወረቀት ላይ ላዩን ፈተግ ፈተግ አድርጌ ቀባሁት። ሌሊቱን አልደረቀም። በማግስቱም አልደረቀም። በሦስተኛው ቀን ድመቷ ስታልፍ ዱካዋ ታተመበት። በሳምንቱ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይላጥ ጀመር። አክስቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ምንጣፍ አነጠፈችበትና ዝም አለች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሰም ባለበት ላይ ቫርኒሽ አይዝም። ሰሙ እንዲጣበቅ አይፈቅድለትም። ይህን እኔ በሰው ቤት ተማርኩት፤ እናንተ በነጻ ውሰዱት።

አሁን ወደ እንጨቱ። እዚህ ደሴ አሮጌ ቤት ገብቼ ምንጣፍ ስገልጥ በብዛት የማገኘው ጥድና ዝግባ ነው። ዋንዛም አልፎ አልፎ አያለሁ። ጥድ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ጥግ ላይ ትንሽ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉትና አሽትቱት፤ እርሳስ የተቀረጸበት ክፍል ይሸታችኋል። አትሳቁ፣ እውነት ነው። ይህ የኛ ጥድ ለእርሳስ ሥራ ይፈለግ የነበረ እንጨት ነው። ብስባሴን ይችላል፣ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። ችግሩ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ጫፉ ላይ ሳይበሱ ምስማር መምታት አይቻልም። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ሽታ የለውም፤ ለመላጊያ እንደ ቅቤ ነው። ግን እርጥበት ላይ ደካማ ነው። ውሃ ከሥሩ ከተኛ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ዋንዛ በመካከል ነው፤ ቀለሙም ያምራል፣ ጠባዩም ጥሩ ነው፤ እንደ ሌሎቹ አይጣመምም።

ሰዎች "ጠንካራ እንጨት ነው ወይ?" ብለው ይጠይቁኛል። በዛፍ አጥኚዎች አከፋፈል ጠንካራ የሚባለው ባለ ሰፊ ቅጠሉ ነው። ጥድና ዝግባ ከዚያ ወገን አይደሉም፤ "ለስላሳ" ከሚባሉት ናቸው። ዋንዛና ወይራ ግን ከጠንካሮቹ ይቆጠራሉ። ይህ የአከፋፈል ነገር ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ይኸኛው ነው፤ ዝግባ ወለል ላይ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ለብሳችሁ ብትጨፍሩ፣ በማግስቱ ወለሉ በፈንጣጣ እንደተበላ ፊት ይሆናል።

ቃሉን ካነሣን አይቀር፣ ጣውላ የሚለው የጣሊያን ቃል ነው። ሰጋቱራ፣ ኮላ፣ ሞራሌ፣ እነዚህም ከዚያው ናቸው። ጣሊያን ደሴን በሚያዝያ 1928 ያዘ፣ በሚያዝያ 1933 ለቀቀ። አምስት ዓመት መሆኑ ነው። ከአናጢ ሣጥን ግን እስከ ዛሬ አልወጣም።

እና ይህን ልብ በሉ። ድሮ የተሰነጠቀ ሰፊ የጥድ ጣውላ ዛሬ ገበያ ወጥታችሁ የምታገኙት ነገር አይደለም። የጎፍ ተራራ ላይ ያለው ጥድ ይቆረጥልኝ የሚል ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም፤ ካለም ከኔ ጋር ይጣላል። ከእግራችሁ ሥር ያለው ጣውላ ምትኩ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ ከተመታ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እንደ ቀንድ ይጠመዘዛል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። እንጨት ተቆርጦም፣ ተልጎም፣ ተመቶም ይተነፍሳል። አየሩ ሲረጥብ እርጥበት ይጠጣል፣ ይሰፋል። ሲደርቅ ይሰጣል፣ ይጠባል። የሚሰፋውም የሚጠበውም በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤታችን ሲገባ፣ ልብሳችን ሳጥን ውስጥ እንኳን ሲረጥብ፣ ወለሉም ያንን ይጠጣል። ጥር ላይ ደግሞ ደረቁ ነፋስ ይመጣል፤ በጣውላና በጣውላ መካከል ስንጥቅ ይከፈታል።

ያኔ ባለቤቱ ይደነግጣል። አናጢ ይጠራል፣ ስንጥቁን በስቱኮ ያስደፍናል። ክረምት ሲመጣ ጣውላው ሊሰፋ ይፈልጋል። ቦታው ተይዟል። ወይ ስቱኮውን ሰባብሮ ይተፋዋል፣ ወይ ወለሉ መሃል ላይ እንደ ግመል ሻኛ ይነሣል። ስለዚህ ሳንቲም የምታስገባ ስንጥቅ ካያችሁ ተዉአት። በነሐሴ ራሷ ትገጥማለች። ክረምትም በጋም የማይዘጋ ሰፊ ክፍተት ከሆነ፣ ከዚያው ዓይነት እንጨት ቀጭን ሽንቁር መሙያ ቅረጹ። በአንድ ጎኑ ብቻ ኮላ ቀቡትና ክተቱት። በሁለቱም ጎን ከቀባችሁት ሁለቱን ጣውላ አሰራችኋቸው ማለት ነው፤ ሲጠቡ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃሉ።

አንድ ነገር ጀማሪዎቹ ያዙልኝ። የጣውላው ዳርና ዳር ተነሥቶ መሃሉ ከጎደጎደ፣ ከሥሩ እርጥብ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ መላጊያ አታንሡ። ዛሬ ዳሩን ልጋችሁ ብታስተካክሉት፣ ከሥር ሲደርቅ ጣውላው ወደ ጠባዩ ይመለሳል። የላጋችሁት ዳር ዝቅ ይላል፣ መሃሉ ይጎብጣል። ደንበኛው ሁለት ጊዜ ከፈለ፣ እናንተ ሁለት ጊዜ አፈራችሁ። መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ፈልጉ። ይድረቅ፣ አንድ በጋ ይለፈው። ከዚያ እዩት።

ከየት ይመጣል? ባለፈው ዓመት አንድ ቤት ተጠራሁ። "ወለሉ ይሸታል፣ ስንረግጠውም ይዋዥቃል" አሉኝ። ሰም ሊያስቀቡኝ ነበር የጠሩኝ። እኔ ወደ ውስጥ አልገባሁም፤ ቤቱን በውጭ ዞርኩት። የድሮ ሰው ብልህ ነበር። የጣውላ ወለል ሲሠራ ከመሬት ከፍ ያደርገዋል፤ በድንጋይ መሠረቱ ላይ ዙሪያውን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ይተዋል። በዚያ ቤት አራት ቀዳዳ ነበር። አንዱ "አይጥ ገባብን" ተብሎ በሲሚንቶ ተደፍኗል። አንዱ አበባ ሊተከልበት አፈር ተከምሮበታል። አንዱ በመንገዱ በኩል ነው፤ መንገዱ በተሠራ ቁጥር ከፍ እያለ ሄዶ ቀዳዳው ከመሬት በታች ቀርቷል። አራተኛው ላይ የዶሮ ቤት ተለጥፎበታል። ቤቱ አፍንጫውንም አፉንም ተይዟል!

ሁለት ጣውላ አነሣን። ጣውላውን ከሥር የተሸከመው ሞራሌ በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ይፈረፈራል። ምስማሩ ዝጎ አልቋል። ያንን የሚሠራው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ደግሞ ያለ ውሃ አይኖርም፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ሥራውን መሥራት አይችልም። ስለዚህ መድኃኒቱ ንፋስ ነው። ሦስት ሞራሌ ቀየርን። ቀዳዳዎቹን ከፍተን አይጥ የማያሳልፍ የሽቦ ወንፊት መታንባቸው። ዶሮዎቹ ቤት ቀየሩ። ከቤቱ በላይ በኩል ደግሞ ቦይ ቆፈርን። ደሴ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የላይኛው ጎረቤት ጓሮ ላይ የዘነበው ሁሉ የናንተ እንግዳ ነው። ጥር ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ሽታው የለም። ሰም ያስቀባሁት ያኔ ነው።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ጫማችሁን ከማውለቃችሁ በፊት ቤቱን አንዴ ዙሩት። ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ።

ጫማ ካልኩ አይቀር፣ በዚህ የወሎ ሰው የታደለ ነው። በር ላይ ጫማ የማውለቅ ልማድ አለን። ቡና ልትጠጣ መጥተህ በጫማህ ምንጣፍ ላይ ብትወጣ የሚያዩህን አስተያየት ታውቀዋለህ። ይህ ልማድ ለወለል ከማንኛውም ሰም በላይ ነው። ከውጭ በጫማ ሥር የሚገባው አሸዋ ሌላ ነገር አይደለም፤ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ሰው በተራመደ ቁጥር ወለሉን ይፍቀዋል። የደረጃውና የበሩ አካባቢ ቀድሞ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ሆቴልና ቢሮ ያላችሁ ጫማ አስወልቁ አልላችሁም፤ በሩ ላይ ከውጭ አንድ፣ ከውስጥ አንድ ሻካራ መጥረጊያ ምንጣፍ አኑሩ።

የዕለት ጽዳቱ ቀላል ነው። ለስላሳ መጥረጊያ፣ በጣውላው ርዝመት አቅጣጫ። አቧራ ካስቸገረ ሰጋቱራ በትኑበትና ጥረጉት። ሰጋቱራው ላይ ውሃ እፍ ይባልበት፣ እርጥብ አይሁን። ድሮ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ በነጭ ጋዝ ያርሱት ነበር። አቧራ ይይዛል፣ እውነት ነው። ግን የራሰው ሰጋቱራ ጥግ ላይ ተከምሮ ያድር ነበር፤ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። ይቅርባችሁ።

ሲቆሽሽ በጨርቅ ይወለወላል። ጨርቁ ጠብታ እስከማይወጣው ይጨመቅ። መለኪያዬ ይህ ነው፤ የወለወላችሁት ቦታ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልደረቀ፣ ያጠባችሁት እንጂ የወለወላችሁት አይደለም። በረኪና የለም። ሶዳ የለም። ሽቦ በውሃ ደግሞ በፍጹም። ሽቦው ሲፈገፈግ የብረት ብናኝ ይተዋል። ብናኙ ከውሃ ጋር ሆኖ እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ነገር ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይሆናል። ያ ጥቁር ነጥብ ቆሻሻ መስሏችሁ እንደገና በሽቦ ትፈገፍጉታላችሁ፤ ይብሳል።

አሁን ሰም። ግን ከሰሙ በፊት አንድ ምርመራ፣ እንደ አክስቴ ቤት እንዳይሆን። ሶፋ ሥር ያለ የማይታይ ቦታ ምረጡ። አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ነጣ ያለ ምልክት ከተወ ሰም ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ተርፐንታይን በሚባለው ማቅጠኛ ነክራችሁ እሹት። ጨርቁ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅባት ከወጣ፣ በእርግጥም ሰም ነው። ተርፐንታይኑ ምንም ካላወጣና አልኮል ሲነካው የሚሟሟ ከሆነ ጎማላካ የሚባለው ማብረቅረቂያ ቅብ ነው። ሁለቱም ካልነኩት ቫርኒሽ ነው ብላችሁ ያዙት። ቫርኒሽ ከሆነ ሰም አያስፈልገውም፤ በጨርቅ ወልውላችሁ ተዉት።

ሰሙን ከየት እናምጣው? ሱቅ በቆርቆሮ ይሸጣል። ጥሩ ነው፣ ውድ ነው። እኔ የራሴን አፈላለሁ። እዚህ አገር ሰም ጠፋ ማለት ነውር ነው። ላስታን አስቡት፤ ንጉሡ ሲወለድ ንብ ከበበው የሚባልለት፣ ስሙም ከዚያው የወጣለት ላሊበላ የኛው ወሎ ነው። ማር ባለበት ሁሉ ሰፈፍ አለ። ጠጅ የሚጥሉ ቤቶች ሰፈፉን ይጥሉታል ወይም በርካሽ ይሰጧችኋል።

ሰፈፉን በንጹሕ ውሃ ቀቅሉት። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ያም ሆኖ ለሰም ይተርፋል። የብረት ድስት አትጠቀሙ፣ ሰሙን ያጠቁረዋል። አልሙኒየም ይሁን። የድሮ ነጠላ ቁራጭ ላይ አጥልሉት፣ ሳይነካ ያድር። ጠዋት ሰሙ ከላይ እንደ ቂጣ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ከሥሩ የተለጠፈውን ጥቁር ነገር በቢላ ፍቁና እንደገና አንድ ጊዜ ድገሙት። በሁለተኛው ላይ ቢጫ፣ ማር ማር የሚሸት ሰም ይወጣል። ሻማ ማቅለጥም ይቻላል፤ ግን ሱቅ የምትገዙት ሻማ አብዛኛው ፓራፊን ነው። ያበራል፣ ሽታና ጠባዩ ግን አንድ አይደለም።

ቀጥሎ ያለውን በደንብ ስሙኝ። ሰሙ የሚቀጥነው በተርፐንታይን ነው። አንድ እጅ ሰም፣ ሦስት እጅ ተርፐንታይን። ለአንድ ሳሎን ሩብ ኪሎ ሰምና ከሦስት ሩብ ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ተርፐንታይን ይዛችሁ ጀምሩ። ሰሙን በጣሳ አድርጋችሁ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ሲቀልጥ ጣሳውን አንሡና ከምድጃው ርቃችሁ፣ ግቢ ወጥታችሁ፣ ተርፐንታይኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩና አማስሉ። ከምድጃው ርቃችሁ ነው ያልኩት! ተርፐንታይን 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚወጣው ትነት እሳት ይይዛል። ከሰል ምድጃ ሦስት ሜትር ላይ ካለ ትነቱ ራሱ ይሄድለታል። ሲቀዘቅዝ ለጋ ቅቤ ይመስላል፤ በክዳን ዝጉና አስቀምጡ።

ብዙ ሰው በተርፐንታይን ፈንታ ነጭ ጋዝ ይጠቀማል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፣ ርካሽ ነው። ግን ቶሎ አይተንም። ወለሉ ለሳምንታት ይሸታል፣ ቅባትነቱም ይቀራል፤ አቧራ ይስባል። ቀይ ቀለም የተጨመረበት ሰም የሚወዱም አሉ። እኔ አልወደውም። ካልሲ ይጨርሳል፣ የጥድን መልክ ደግሞ ይሸፍናል። የጣዕም ጉዳይ ነው፣ አልጣላችሁም።

አቀባቡ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው በማብዛት ነው። እጅ ላይ ቅባት እንደምትቀቡ አስቡ፤ ቀጭን። በጨርቅ፣ በጣውላው ርዝመት። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ይፍዘዝ። ከዚያ ነው መወልወሉ። ያረጀ ብርድ ልብስ ቆርጣችሁ ለልጆቹ ስጧቸው። በላዩ ቆመው ከግድግዳ ግድግዳ ይንሸራተቱ። እኔ ያደግሁት እንዲህ ነው፤ ሥራ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ሌላ ስስ ሽፋን በማግስቱ ድገሙ። መስኮት ይከፈት፤ ያን ቀን ቡናው ከሰልም ዕጣንም ስላለው ውጭ ይፈላ።

ስንት ጊዜ? ሰው የሚበዛበት ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ። ጥጋጥጉን በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ። ብልጭታው ሲቀንስ ሰም ለማንሣት አትቸኩሉ፤ አስቀድማችሁ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በየወሩ የሚቀባ ሰም ይደራረባል፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ ጥቁር ይሆናል። ያኔ በተርፐንታይን በራሰ ጨርቅ እያነሡ እንደገና መጀመር ነው። ምንጣፍ የሚነጠፍበት ቦታ ላይ ግን ሰም አትቀቡ። ምንጣፉ ይንሸራተታል፤ ቤት ውስጥ አዛውንት አሉ።

ተልባም ያነሣ ሰው አለ፣ ልክ ነው። የተልባ ዘይት ይደርቃል፣ እንጨት ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል። ሰም ከመቀባቱ በፊት፣ ለተላገ ባዶ እንጨት ግሩም ነው። ጥሬው ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። የምግብ ዘይት አትሞክሩ። የፓልም ዘይት ቀብቶ "እያበራ ነው" ያለኝ ሰው ነበር፤ በወሩ ዝንብና አቧራ ተለጥፎበት ጠራኝ። ያ ዘይት አይደርቅም።

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ግን አደገኛ ነው። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ማንም ክብሪት ሳይጭር ራሱ ይነዳል። ጀማሪዎች፣ ይህን እንደ ተረት አትስሙት። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ቶናው ደርሷል። የሚንቋቋ ጣውላ ካለ በስንጥቁ መሃል የሕፃን ፓውደር አፍስሱ፤ ካልተወ ከሞራሌው ጋር በብሎን እሠሩት። ብቅ ያለ ምስማር በፓንች ወደ ታች ይመታል፤ ካልሲ ከመቅደዱም በላይ መላጊያ ይሰብራል። የፍም ጠባሳ ጥልቅ ካልሆነ በቢላ ጫፍ ፍቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ሰም ቀቡት። ነጭ የውሃ ምልክት ሰሙ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ትንሽ ሰም ቀብታችሁ እሹት፣ ይጠፋል።

ማሽን። "በማሽን አስላጉት፣ አዲስ ይሆናል" የሚሏችሁ ብዙ ናቸው። ይሆናል። ግን ጣውላው ከጎኑ ምላስ አለው፣ ጎረቤቱ ቦይ አለው፤ እንዲያ ነው የተጋጠሙት። ልትልጉት የምትችሉት ከምላሱ በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። በተላገ ቁጥር ከዚያ ይቀነሳል። ካለቀ ምላሱ ይሰበራል፣ ወለሉ አለቀለት። ስለዚህ ማሽን የመጨረሻ ነው። እኔ አስቀድሜ አሮጌውን ሰም በእጅ አነሣለሁ። ከአሥር ቤት ስምንቱ ላይ ከሥሩ የሚወጣው እንጨት "ማሽን" ያሉኝን ባለቤቶች ያስገርማቸዋል።

ጥያቄ ካለ አንድ ሁለት እቀበላለሁ።

ስለ ቄጤማው ጠየቁኝ፣ እትዬ። ቄጤማ አትጎዝጉዙ ብል ከዚህ አዳራሽ በሰላም አልወጣም። ይጎዝጎዝ። ግን ታጥቦ ውሃው እየተንጠባጠበ አይሁን፤ ጠዋት ታጥቦ ጥላ ላይ ይንጠፍጠፍ። ማታውኑ ይጠረግ፣ አይደር። ሦስት ቀን ያደረ ቄጤማ ሥር ያለው ጣውላ ላይ አረንጓዴ ቡናማ መልክ ይቀራል። ረከቦቱና ምድጃው ያሉበት ቦታ ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ ቆርቆሮ ወይም ሴራሚክ ይቀመጥ፤ ፍም ሲወድቅ ቄጤማ አያድነውም።

ወንድሜ ደግሞ የእናቱ ቤት ወለል የሚድን መሆኑን በምን እንደሚያውቅ ጠየቀኝ። ቀጭን ወረንጦ ወይም መስፊያ ያዝ። ግድግዳው ጥግ፣ በር ሥርና መስኮት ሥር ውጋው፤ ውሃ ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው። ጫፉ ብቻ ገብቶ ከቆመ እንጨቱ ጤነኛ ነው፣ የቀረው ቆሻሻ ነው። ያለ ኃይል እስከ ግማሹ ከገባ በስብሷል። ትንንሽ ክብ ቀዳዳና እንደ ዱቄት ያለ ነገር ካየህ ነቀዝ ነው፤ ዱቄቱን ጥረገውና ከሳምንት በኋላ ተመልከት። አዲስ ዱቄት ከሌለ ነቀዙ ድሮ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ሰፈራችሁ ቅርብ ከሆነ ነገ ጠዋት እኔው መጥቼ አየዋለሁ። ምንጣፉን ብቻ አንሡልኝ። እና ለእናትህ ንገርልኝ፤ "አናጢ ይመጣል" ብለው ዛሬ ማታ እንዳያጥቡት።